የውዱእ ውሃ የጠጣው ወይን

ከሚሴ ወደ አባቴ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይጠይቅ የማይሄደው አንድ ጥያቄ አለ። መስገጃው ክፍል ከግቢው አንድ ጫፍ ነው፤ የውዱእ ማንቆርቆሪያዎቹ ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ ከመንገድ በሩ ጥግ ተደርድረዋል። የሰላት ሰዓት የደረሰበት ሰው ግቢውን ሙሉ አቋርጦ ሄዶ፣ ታጥቦ፣ እግሩ እየተንጠባጠበ መልሶ መሮጥ አለበት። ባለፈው ዒድ ስሄድ የወንድሜ አማት ይህንኑ አደረጉና ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ለመሆኑ ይህን ያህል ያራቃችሁት ለምንድን ነው?» አሉ።

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔ መስገጃው ደጃፍ ወዳለው ወይን አየሁ። ሰሞኑን ተከርክሞ ስለነበር ከየተቆረጠበት ቦታ ውሃ ያነባል፤ ያ ጎምዘዝ ያለ የእርጥብ ቅርንጫፍ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ገና ሲሸተኝ አፌ ምራቅ ሞላ። ለሴትዮዋ በአጭሩ «የአዳዳ ዘሃራ ትእዛዝ ነው» አልኳቸው። ረጅሙ ይኸው።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። አዳዳ ዘሃራ የአባቴ ታላቅ ናት፤ እናታቸው ቶሎ ስለሞተችባቸው አባቴንም የመጨረሻውን ልጅ ሰይድንም ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ሰይድን አዝላው ነበር ገበያ የምትወርደው ይባላል። ይህ ሰይድ ጎረምሳ ሲሆን አሰብ ወረደና ወደብ ላይ ጭነት ማውረድና መጫን ያዘ። እኔ ገና ጡት ላይ ሳለሁ አንድ ጊዜ ለጥየቃ መጣ፤ ከአንድ የመናዊ ነጋዴ ግቢ የቆረጣቸውን ሁለት የወይን ቅርንጫፎች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። አንዱን ለአዳዳ ሰጣት። ሌላውን ለእናቴ አባት፣ ከከሚሴ በላይ ተራራው ላይ ለሚኖሩት ለአባባ ይማም ላከላቸው። ከዚያ ወደ አሰብ ተመለሰ፤ ለዓመታት አልመጣም።

አዳዳ የእሷን ቅርንጫፍ ከመስገጃው በር ስር ተከለችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያዎቹን ሁሉ ሰብስባ ከአጠገቡ ደረደረች። በቤታችን ውዱእ የሚያደርግ ሰው ሁሉ እግሩን የሚያጥበው ከወይኑ ሥር ነበር፤ ወይኑ ከንጋቱ ሱብሂ እስከ ማታው ኢሻ በየሰላቱ ይጠጣል፣ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ይሰክራል። አዳዳ ራሷ ስትታጠብ የመጨረሻውን ውሃ እያፈሰሰች «ያ ረቢ፣ ሰይዴን መልስልኝ» ትላለች። ሁልጊዜ ትላለች። እኔ ይህ ለውዱእ የተደነገገ ቃል ይመስለኝ ነበር። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ «እስኪ ከውዱእ በኋላ ምን ይባላል?» ብለው ሲጠይቁ እጄን ቀድሜ አውጥቼ «ያ ረቢ፣ ሰይዴን መልስልኝ» አልኩ። ኡስታዙ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑ። ልጆቹ ግን አላፈኑም፤ ያን ዓመት ሙሉ ስሜ «ሰይዴን መልስልኝ» ሆኖ ከረመ።

ወይኑ ውሃውን ተጫወተበት። ግንዱ ወፈረ፣ ቅጠሉ ግቢውን እንደ ዳስ ሸፈነው። ፍሬው ግን ጥቂት ነው፤ ያም ድብልብል፣ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነክሱት ፍርጥ የሚል። ስንበላ ሁላችንም «ማሻአላህ» ብለን እንውጣለን። የአባባ ይማም ፍሬ ከተራራው ወደ እኛ ወርዶ አያውቅም፤ ከእኛው ሌላ ቀምሰን ስለማናውቅ ወይን ማለት ይህ ነው ብለን ተቀብለን ነበር።

እኔ ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ጦርነት ተነሳ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ሰይድ መጣ። የተጠቀለለ ፍራሽ በትከሻው፣ የግድግዳ ሰዓት በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አዳዳ ለቀትሩ ሰላት፣ ለዙሁር፣ ውዱእ ልታደርግ ማንቆርቆሪያ አንስታ ነበር፤ ውሃው እግሯ ላይ ተንዶቅዱቆ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ «ኮቱ፣ ኮቱ ያ ልጄ፣ ና» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም ጠራችው፤ አጠገቧ ከደረሰም በኋላ መጥራቷን አልተወችም። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል የገረመኝ ዱዓው መሥራቱ ነበር። ነገ ኡስታዙን እንዴት እንደማሳፍራቸው አሰብኩ።

ምሳ በልቶ ሲያበቃ አዳዳ ትልቁን ዘለላ ቆርጣ በሳህን አቀረበችለት። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ አገላበጠና ወደ ዳሱ ቀና አለ።

«እቴ ዘሃራ፣ ይሄ የኔው ወይን ነው?»

«ያንተው ነው እንጂ። የውዱእ ውሃ ነው ጠጥቶ ያደገው፣ አላህ ይባርከው።»

እርጥቡን መሬት ከማንቆርቆሪያዎቹ እስከ ግንዱ በዓይኑ ተከተለው። «እቴ፣ ወይን እኮ ጥም ይወዳል። ይሄ ልጣጭ የለበሰ ውሃ ነው።»

በክፋት አልነበረም፤ አሰብ የኖረ ሰው ቀጥ አድርጎ ይናገራል። አዳዳ ግን ሳህኑን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ለአባቴ ሲነግረው ደግሞ ሰማች፤ የወደቡ ሥራ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞሯል፣ አንድ ወዳጁ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፣ ከዒድ በኋላ በዚህ ሲያልፍ ይወስደዋል። ለኢሻ አዳዳ ውዱእ ስታደርግ ቆሜ አየኋት። የመጨረሻውን ውሃ ወይኑ ሥር ስታፈስ ምንም አላለችም። ያለ ቃል ስታፈስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ነገሩን በልጅ አእምሮዬ መረመርኩትና መፍትሔ አገኘሁለት። አያ ሰይድ የሚሄደው ወይኑ ስላልጣመው ነው። የእኛ ወይን የአሰቡን ቢመስል ምን አጥቶ ጅቡቲ ይሄዳል?

«የአሰቡ ወይን ምን ምን ይላል?» አልኩት በማግስቱ።

ጥያቄዬ ደስ አሰኘው መሰለኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «መጀመሪያ ከንፈርሽን ጨው ይለዋል። ከዚያ ይጣፍጣል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ይኮመጥጥና ሌላ አምጪ ይልሻል።»

ጨዉ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። ማታ ማታ ከባሕሩ ነፋስ እንደሚነሳ፣ ነፋሱ ጨው ይዞ ዘለላው ላይ እንደሚያርፍ፣ የየመናዊው ልጆች ሳያጥቡ የሚበሉት ለዚህ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ስለ አንድ ግሪክ የመርከብ ወጥ ቤት አወራኝ። ያ ሰውዬ በተሰባበረ ዐረብኛ እንዳስረዳው፣ በአገሩ ከአንድ ወይን የተቆረጠ ቅርንጫፍ አንዱን ባሕር ዳር አንዱን ተራራ ላይ ይተክሉታል። ከሁለቱም የወይን ጠጅ ይጥላሉ። የባሕር ዳሩ ለስለስ፣ ሞላ ያለ ነው፣ ጨው ጨውም ይላል፤ የተራራው ቀጭንና ስለታም፣ አፍ የሚሰበስብ ነው። ጠጪው ዓይኑን ጨፍኖ ይለያቸዋል።

«አንተስ ጨፍነህ ነው የለየኸው?» አለች አዳዳ ከጓዳ።

«ወላሂ እቴ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ጆሮህ ብቻ ከሆነ ደግ።»

ካኮረፈችው ወዲህ መጀመሪያ ያናገረችው ያን ጊዜ ነበር፤ ሁለቱም ፈገግታቸውን ደብቀው ወደየሥራቸው ሄዱ። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው።

አባቴ በገበያ ቀን በግ ሊገዛ ሰንበቴ ከተማ ሲወርድ አለቅስበታለሁ ብዬ አስፈራርቼው ይዞኝ ሄደ። እሱ በግ ሲዳብስ እኔ ከአፋር ቆላ በግመል ጨው ይዘው ወደሚመጡት ሰዎች ሾለክሁ። አንድ ረጅም ሰውዬ ግመሉን አንበርክኮ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል።

«ይሄ ጨው ከባሕር ነው?» አልኩት።

ጨዉንም እኔንም ተመለከተ። «ከአገራችን ነው» አለ።

አሰብ ያሉት አፋሮች መሆናቸውን ከአያ ሰይድ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ መልሱ በቂዬ ነበር። ጨዉን ምን እንደማደርገው ሲጠይቀኝ አጎቴ እንዳይሄድ እንደሆነ ነገርኩት። ሰውዬው ምንም አልሳቀም። የጡጫዬን ያህል ጨው አንስቶ ሰጠኝና በእጁ ሂጂ አለኝ።

ቤት እንደደረስኩ ከወይኑ ሥር በማንኪያ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ጨዉን ልጥል ስል አያ ሰይድ ከኋላዬ እጄን ያዘኝ። «ልትገድይው ነው እንዴ?» ብሎ ቁጢጥ አለ። ሥሩ ጨው ከጠጣ ወይኑ እንደሚደርቅ፣ የአሰቡ ጨው ከላይ ከነፋሱ እንጂ ከታች ከመሬቱ እንደማይመጣ በትዕግሥት አስረዳኝ። ለምን እንደምቆፍር ግን አልጠየቀኝም። እኔም ጨዉን በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩት።

ረመዷን ሲገባ ከአባባ ይማም መልእክት መጣ፤ ወይኑ ደርሷል፣ ወፍ ሳይጨርሰው ውሰዱ የሚል። አያ ሰይድና እኔ ሄድን። መንገዱ እስከሚያልቅበት በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ። እሱ ጾመኛ ነው፤ እኔ የምጾመው እስከ ምሳ ድረስ ነበር፣ ስለዚህ ቂጣዬን እየገመጥኩ እከተለዋለሁ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ቀጠነ፤ ጉም መጥቶ ጉልበታችንን አለፈው። ከሚሴ ቁልቁል ስትታይ ጨፋ በሚባለው ሜዳ መሀል የተረሳ እቃ ትመስላለች።

አባባ ይማም ቤት ስንደርስ ወይኑን ፈልጌ አጣሁት። እኔ የጠበቅሁት የእኛን የመሰለ ዳስ ነበር፤ የእሳቸው ግን የድንጋይ ካብ ላይ የተጋደመ ቋጠሮ ግንድ ነው። ፍሬዋ አተር አክላለች፣ ጠቁራለች፣ ልጣጯ ወፍራም ነው። አንዷን ነከስኩ። ዓይኔ ተጨፈነ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። አባባ ይማም በትራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ብርድ ነው ያሳደገው፣ ልጄ። እኔንም ብትነክሺኝ እንዲሁ ነኝ» አሉኝ።

ማመን አቃተኝ። ሁለቱ ከአንድ እናት የተቆረጡ ናቸው፤ እኔና ወንድሜም ከአንድ እናት ነን፣ ግን ስስመው የሱ ጉንጭ አይኮመጥጥም። አያ ሰይድ ካቡ ላይ ጎንበስ ብሎ የቅርንጫፎቹን ጫፍ እየደባበሰ ነበር። ሁሉም አጥር አጥር ብለው ተቆርጠዋል።

«አባባ ይማም፣ ማነው እንዲህ አሳምሮ የሚከረክምልዎ?»

«ማን ይከረክማል! እነዚያ ሸይጣኖች ናቸው እንጂ።» በበትራቸው ፍየሎቹን አመለከቱ። በየዓመቱ ፍሬው ሲለቀም እሾህ አጥሩን ጥሰው ገብተው እስከ ግንዱ ይበሉታል፤ እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ ሲያባርሩ፣ ሲራገሙ፣ አጥር ሲያጠናክሩ ይከርማሉ።

አያ ሰይድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲስቅ ነው። ከአሰብ ከመጣ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ፍሬ ያስገኙልዎትን እኮ ነው የሚራገሟቸው! ይመርቋቸው እንጂ» አለ። ወይን ካልተቆረጠ ጉልበቱን ቅጠል ላይ እንደሚጨርስ፣ ሲቆረጥ ግን ደንግጦ እንደሚያፈራ ነገራቸው። አባባ ይማም ፍየሎቹን በአዲስ ዓይን አዩአቸው። «አሁንስ ጉድ ነው፤ ስንት ዓመት በነጻ አሠርቻቸዋለሁ» አሉ።

ዘለላውን በቅርጫት ይዘን ስንወርድ አያ ሰይድ ያስረዳኝን ዛሬም አልረሳሁትም። የተራራው ወይን ሌሊት ይበርደዋል፣ ቀን ይርበዋል፤ ድንጋዩ ውሃ አያቆይለትም፣ ስለዚህ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ፍሬው ላይ ያስቀምጣል። የእኛው ሌሊትም ይሞቀዋል፤ የቆመበት የጨፋ ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ከዚያ በላይ የሰጋጅ ሁሉ ውሃ ይወርድበታል። ጠግቦ ተኝቷል።

«ታዲያ የእኛን ለምን አንተ አትከረክመውም?» አልኩት።

ቅርጫቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «ወይን የሚከረክም ሰው ፍሬውን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ሀዋ። እኔ ከዒድ በኋላ የለሁም።»

መኪናው ላይ አቧራ ገባብኝ ብዬ በሻሼ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ሻሼ ውስጥ የተቋጠረው ጨው ግንባሬን ወጋኝ።

በማግስቱ አዳዳ ሁለቱንም ወይን ለማፍጠሪያ ልትጨምቅ ቁጭ አለች። ችግሩ መቅመስ አለመቻሏ ነው። እናቴ ጾመኛ፣ አባቴ ጾመኛ፣ ወንድሜ ደግሞ ሳሙና ብትሰጠው ጣፈጠኝ የሚል ሕፃን ነው። አዳዳ ዞር ዞር አለችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«በይ ነይ፣ ዛሬ በዚህ ቤት ምላስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶኝ አያውቅም። የተራራው ብቻውን ጥርስ ያላቅቃል። የእኛው ብቻውን የብርጭቆ እጣቢ ነው። ቀላቀልን። ተራራው በዛ፤ ከሚሴን ጨመርን። ከሚሴ በዛ፤ ተራራውን መለስን። እኔ እቀምሳለሁ፣ አዳዳ ፊቴን ታነባለች፤ ቅንድቤ ሲነሳ ከዚያኛው፣ አፌ ሲላላ ከዚህኛው ትጨምራለች። በመጨረሻ ፊቴ ዝም አለ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ መጨረሻ ላይ ኮምጠጥ ብሎ ሌላ አምጪ ይላል። የቀረው አንድ ነገር ነው።

ሻሼን ፈታሁና ከጨዉ በጥፍሬ ፍቄ ልጥል ስል አዳዳ እጄን ያዘች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአሰብ ጨው። አያ ሰይድ እንዳይሄድ።»

አዳዳ ትክ ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞላ፤ በክንዷ ጠረገችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትንሽ ጨምሪ» አለችኝ።

ጀምበር ጠለቀች፤ የመግሪብ አዛን ተባለ። አያ ሰይድ በተምር አፈጠረና ብርጭቆውን አነሳ። አዳዳ ሾርባ ማማሰል አላቆመችም፤ ሾርባው ግን ከወጣ ቆይቷል። እኔ ጉሮሮውን አያለሁ። ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ከንፈሩን ላሰ።

«የአሰብን አይመስልም» አለ።

አዳዳ ማማሰሉን ተወች።

«ምንም አይመስልም። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።» ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። «ጨምሪልኝ።»

ማሰሮው ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ጨመርኩለት። አባቴ ለእኔስ ሲል አዳዳ «ተሻሙ፣ ጨርሱት፤ ይሄ ነገር ቤቴ አያድርም፤ ካደረ ወደዚያ ወደ ግሪኩ ነገር ይሄዳል» አለች፤ ሁሉም ሳቀ።

ግን እሄዳለሁ ያለውን አልሻረም። እኔ እየጠበቅሁ አደርኩ። ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ ከግቢው የቆርቆሮ ኳኳታ ሰማሁና ወጣሁ። አዳዳ ማንቆርቆሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መንገድ በሩ ትወስዳለች። አባቴ ምን ሆነሻል አላት።

«ውሃውን ያጠጣሁት ሰይድ እንዲመለስ ነበር» አለች ሳትቆም። «ተመልሷል። አልሃምዱሊላህ። ከእንግዲህ ወይኑ ይጠማ።»

አያ ሰይድ መስገጃው በር ላይ ቆሞ ሰማት። ውሃው ለማን ይፈስ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቀው መሰለኝ። ሄዶ የቀረውን ትልቁን ማንቆርቆሪያ ተሸከመላት።

የዒድ ቀን ጎረቤት ለጎረቤት ስዞር ውዬ፣ ኪሴ ከረሜላ ሞልቶ ስገባ ግቢው ውስጥ ሰማይ ታየኝ። ዳሱ የለም። ወይኑ እስከ ግንዱ ተቆርጦ እንደ አባባ ይማም ወይን ቋጠሮ ሆኗል፤ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ገደለው ብዬ ጮህኩ። አዳዳ ከክምሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ቀጫጭኑን ትለቅማለች።

«ዝም በይ፤ ገና ትበያለሽ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ግራ አጋባኝ።

በማግስቱ ቀትር ሊሆን ሲል መኪና ጡሩምባ ነፋ። አያ ሰይድ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ከረሜላዬን ጥዬ ተከትዬው ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጥቅሉን በመስኮቱ ለሾፌሩ እየሰጠው ነበር።

«ጅቡቲ፣ ከባሕሩ ዳር ትከለው። ውሃ አታብዛበት። ጨዉ ራሱ ይመጣለታል።»

«አንተስ? ውጣ እንጂ፣ እንዳይመሽብኝ» አለ ሾፌሩ።

«እኔማ ከርክሜያለሁ።»

ሾፌሩ አልገባውም። ጥቅሉን አየ፣ አያ ሰይድን አየ፣ ራሱን ነቅንቆ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ከደስታዬ የተነሳ በሩን ይዤ ዘለልኩ፣ ማጠፊያው ተነቀለ።

የዙሁር አዛን ተሰማ። አያ ሰይድ ሲመለስ በሩ ጥግ ቆመና ከተደረደሩት ማንቆርቆሪያዎች አንዱን አነሳ። እዚያ ሲታጠብ አየሁት፤ አዳዳ ከወዲያኛው ጫፍ «ፈጠን በል፣ ሰላቱ አለፈህ» እያለች ትጣራለች፤ እግሩ እየተንጠባጠበ ግቢውን አቋርጦ ሮጠ። እኔም ተከትዬው ታጠብኩ። የመጨረሻውን ውሃ ሳፈስ እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩና ግራ ገባኝ። የማውቀው አንድ ዱዓ ነበር፤ እሱም ደርሷል። ስለዚህ አልሃምዱሊላህ ብቻ ብዬ፣ እግሬ እየተንጠባጠበ ወደ መስገጃው ሮጥኩ።